ደመራና ሜዳው፦ ከአራዳ እስከ ቦሌ መንገድ ራስ

የአዲስ አበባ ትልቁ ደመራ ዛሬ በሚደመርበት ስፍራ ከጥንት ጀምሮ አልተደመረም። ከተማዋ ገና ልጅ በነበረችበት ዘመን የመስከረም 16 ችቦ የሚሰበሰበው አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ካህናቱና መኳንንቱ የሚገናኙት፣ ገበያውም የሚቆመው በዚያው አካባቢ ስለ ነበረ፣ በዓሉ ሕዝብ ፍለጋ መሄድ አላስፈለገውም።

ነገር ግን ከተማ አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። በወረራው ዘመን ጣልያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሰፈር አዛወሩት። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ከተማዋ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ተዘረጋች። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን በዚሁ አዳራሽ መሠረቱ። በቦሌ የተሠራው አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያም ከመሀል ከተማ ጋር በሰፊ መንገድ ተገናኘ። በእንግድነት የመጣ ሁሉ የቦሌን መንገድ ይዞ ሲወጣ የሚቀበለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተንጣለለው ሜዳ ሆነ። ደመራውም ከአራዳ ወደዚህ ወረደ፤ ስፍራውም መስቀል አደባባይ ተባለ።

የ1966ቱ አብዮት ስሙን ለውጦ «አብዮት አደባባይ» አለው። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ሥዕሎች ተሰቀሉ። ሕዝብ በግማሽ ክብ የሚቀመጥበት የደረጃ መደዳም ለሰልፍ ትርኢት እንዲመች ሆኖ ተሠራ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እጅግ በደመቀ ሰልፍ ሲከበር፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ ይረግፉ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ሥዕሎቹ ወረዱ፤ የቀድሞው ስምም ተመለሰ። ደረጃዎቹ ግን ቀሩ። ገዢን ለማየት የታነጸው መቀመጫ እሳትን ለማየትም የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ለማንኛውም በዓል ደንታ የሌላቸው የንጋት ሯጮችም የሠልፈኛውን መደዳ መለማመጃቸው አድርገውታል፤ እኔ እንደምገምተው ከአርክቴክቶቹ አንዱም ይህን አላሰበም።

ደመራው ራሱ ውስብስብ ጥበብ አይፈልግም። ረጃጅም እንጨቶች በአንድ ላይ ይቆማሉ፤ ዐደይ አበባ ይታሰርባቸዋል። ካህናቱ በወረብና በማኅሌት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በኅብረ ቀለም ልብሳቸው ዙሪያውን ይዞራሉ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ፓትርያርኩ ባርከው ይለኮሳል። ሽማግሌዎች ምሰሶው የወደቀበትን አቅጣጫ አይተው የዘመኑን ጠባይ ይናገራሉ፤ አመዱም በግንባር ላይ የመስቀል ምልክት ይሆናል። በገጠር በ17 ንጋት የሚለኩስ አገርም አለ። በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው፣ የተመዘገበው ይህ ሁሉ ሥርዓት እንጂ ድንጋይና ሐውልት አልነበረም።

ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ መናፈሻን በመናፈሻ ላይ ስትከፍት ቆይታለች። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ «አንድነት ፓርክ» ተብሎ በሩን ለሕዝብ ከፈተ። መስቀል አደባባይም ተቆፍሮ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት፣ መብራትና ትልልቅ ስክሪን ተተክሎለት፣ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. እንደገና ተመረቀ። ምሽት ላይ ልጆች በጫማ ጎማ ይንሸራተቱበታል፤ ቤተሰብ ይናፈስበታል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መናፈሻና የበዓል ሜዳ አንድ አይደሉም። መናፈሻ የሚያምረው በተተከለበት ነገር ነው፤ ሜዳ ግን የሚያገለግለው ባልተተከለበት መጠን ነው። ለዚህም ነው ቁፋሮው በተጀመረ ጊዜ የምእመናን ስጋት ስለ ጌጡ ሳይሆን ስለ ደመራው ስፍራ የሆነው።

ደግሞም ሜዳው የአንድ በዓል ብቻ አይደለም። በዒድ ቀን ከአዲስ አበባ ስታዲየም የተረፈው ሰጋጅ እስከዚህ ድረስ ይነጠፋል። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ከረጅም ዘመን በኋላ በመዲናይቱ ሲከበር፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ የሞላው ይህንኑ አካባቢ ነበር። አደባባዩ የማን ነው የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሣል። የታደሰው አደባባይ የመጀመሪያውን ደመራ ያስተናገደው በተመረቀ በሦስት ወር ተኩል፣ መስከረም 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ችቦውም እንደ ወትሮው በመካከሉ ቆመ።