መሐንዲስና ማዕዘን



በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ባሉ ቤቶቻችን ልጆች የሒሳብ ደብተራቸውን ዘግተው «ይህ የጎነ ብዙ የውስጥ ማዕዘን፣ የውጭ ማዕዘን የሚባለው ለምን ይጠቅመናል?» ሲሉ ይሰማል። አንዳንዱ ወላጅም «የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ ለፈተናው ሸምድደህ እለፈው» ይላል። በዚህ መልስ ምክንያት ሒሳብን ገና በጠዋቱ የሚተው ልጅ ስላለ፣ ትምህርቱ በማን በማን እጅ አልፎ እንደ መጣ ዛሬ እናያለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምንድን ነው? ገበሬ የጤፍ ማሳውን ዳር ዳሩን ይዞ ሲሄድ በየጥጉ ፊቱን ያዞራል። በአንድ ጥግ ላይ የዞረበት መጠን የውጭ ማዕዘን ይባላል። ከተነሳበት ደርሶ እንደ መጀመሪያው ሲቆም አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 360 ዲግሪ ዞሯል። ማሳው ሦስት ጥግ ይኑረው ዐሥር፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጥግ እስከሌለው ድረስ ድምሩ ያው ነው። የከዕባን ግድግዳ ተከትሎ የሚዞር ሰውም በአራቱ ሩክኖች በድምሩ የሚዞረው ይህንኑ ያህል ነው፤ የከዕባ ጎኖች ርዝመታቸው እኩል አለመሆኑ ምንም አይለውጥም። የውስጥ ማዕዘን ደግሞ ከ180 ላይ የውጩ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው።

ይህን ሙስሊሞች አልፈጠሩትም። አንዳንድ ተናጋሪዎቻችን ዕውቀትን ሁሉ ለእኛ ሲሰጡ ይሰማል፤ ያ ግን አያስፈልገንም። የሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ያህል መሆኑን ከነማስረጃው ጽፎ ያቆየልን ግሪካዊው ኡቅሊዲስ (ዩክሊድ) ነው። መጽሐፉን አል ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ ኢብን መጠር በሃሩን አር ረሺድ ዘመን ወደ ዐረብኛ መለሰው፤ በአል መእሙን ጊዜ (813–833 እ.ኤ.አ.) ደግሞ እንደገና ሠራው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው አደላርድ ወደ ላቲን የመለሰው ከዐረብኛው ነው። እንግዲህ «የፈረንጅ ነው» የምንለውን ፈረንጅ ራሱ ከማን ተቀብሎ እንዳነበበው ልብ በሉ። «መሐንዲስ» የሚለው የአማርኛ ቃላችንም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ሐንደሳ፣ ማለትም ጂኦሜትሪ ነው።

በ940 እ.ኤ.አ. በኹራሳን፣ ቡዝጃን በምትባል ስፍራ የተወለደው አቡል ወፋ በ959 ባግዳድ ገባ። ለእጅ ባለሙያዎች የሚያስፈልገውን ጂኦሜትሪ የያዘ መጽሐፍ ጻፈ፤ እኩል ጎን ያላቸውን ጎነ ብዙዎች አሣሣልም በውስጡ አስተማረ። ሊቃውንትና ባለሙያዎች በአንድነት በተቀመጡበት ጉባኤ መገኘቱንም ይተርካል። ጥያቄው፣ ሦስት እኩል አራት ማዕዘኖችን ቆርጦ አንድ አራት ማዕዘን እንዴት ይገጠማል የሚል ነበር። ባለሙያዎቹ ያቀረቧቸው አንዳንድ ዘዴዎች ለዓይን የተስተካከሉ ቢመስሉም ስሕተት መሆናቸውን አሳየ። ሊቁንም አልማረውም፤ ማስረጃውን ያውቃል፣ መቁረጡን ግን አይችልበትም ይለዋል። እኔ ከዘመኑ ወሬዎች ሁሉ ይህን ጉባኤ እወደዋለሁ፤ አናጢና ዓሊም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲከራከሩ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

የማዕዘን ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የጎጃምን የማር እንጀራ አንሱ። ስለ ንብ በሱረቱ አን ነሕል የምንቀራው ያ ፍጡር ቤቱን በጎነ ስድስት ይሠራል። የእያንዳንዱ የውስጥ ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው፤ ሦስቱ ሲገናኙ 360 ስለሚሞላ ክፍተት የለም። በጎነ አምስት ቢሞከርስ? 108 በሦስት 324 ይሆንና የ36 ዲግሪ ክፍተት ይቀራል። የግድግዳ ሸክላ የሚገጥም ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ሁለት ጎነ አምስትና አንድ ጎነ ዐሥር ቢያገናኝ ግን 108፣ 108 እና 144 ተደምረው 360 ይሞላሉ። ይህ ለአንድ ነጥብ ነው፤ ሙሉ ግድግዳ ለመሸፈን ሌሎች ቅርጾችም ይፈለጋሉ።

በኢስፋሃን ከተማ በ1453 እ.ኤ.አ. የተሠራው የደርበ ኢማም ሕንፃ ግድግዳ በእንዲህ ያለ ጌጥ ተሸፍኗል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ጌጡ ጎናቸው እኩል በሆነ አምስት ዓይነት ቅርጾች ሊገጣጠም እንደሚችል አሳይተዋል። የአምስቱም ማዕዘኖች 72፣ 108፣ 144 ወይም 216 ዲግሪ ናቸው፤ ሁሉም ለ36 ይካፈላሉ። ልጆቻችሁ ካርቶን ቆርጠው ይሞክሩት።