የሰሚው ቤት

ከማክሰኝት ተሳፍሬ ጎንደር የምሄደው ሁሌም ለጉዳይ ነው። አንድ ቀን ግን «እስቲ እኔም ቱሪስት ልሁን» አልኩና ቲኬት ቆርጬ ፋሲል ግቢ ገባሁ። አስጎብኚው ከአንድ አዳራሽ ፊት አቆመንና «ይኼ የዳዊት የሙዚቃ ቤት ነው» አለን። ሣልሳዊ ዳዊት እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው፣ ዘፈን ወዳዱ ንጉሥ ነው። ፈረንጆቹ ፎቶ አነሡ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይኼ እኮ የሰሚው ቤት ነው! ማሲንቆውን የመታው ሰውዬስ ማታ የት ገብቶ አደረ?

ነገሩ የአዝማሪ ብቻ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ተምረዋል። መጠለያ አጥተው ደጅ የሚያድሩት የቆሎ ተማሪዎች አንጀታቸውን በሉት። በ1967 ጀርመን አገር የፒያኖ ሸክላ ያሳተሙትም ለችግረኞች መርጃ ብለው ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እሳቸውን ብሎ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ «የት ነበር የኖሩት?» ቢለን ምን ልንመልስ ነው?

ጃማይካኖች ቦብ ማርሊ የኖረበትን የኪንግስተን ቤት ከ1986 ጀምሮ ሙዚየም አድርገው ያስጎበኛሉ። እኛ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገን ኖርን። ለሠርግ እንጠራዋለን፤ ሲነጋ የት እንደገባ አንጠይቅም።

ማታ ማክሰኝት ስመለስ ከአንድ ጠጅ ቤት ማሲንቆ ይሰማል። ገባሁና አዝማሪውን «ቤትህ ወዴት ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «ምነው ጋሼ፣ ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ።