የውሰት ካባ

በእንጦጦ ራጉኤል ሠፈር፣ በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አለ። በመካከል የቆመው ጎልማሳ ጥልፉ የሚያምር ካባ ደርቧል። በግራው የአሥራ ሁለት ዓመት እኅቱ፣ በቀኙ ትንሹ ወንድማቸው እንደዚሁ ካባ ለብሰው ቆመዋል። እኅቲቱ አያቴ ናት። ፎቶውን ያየ እንግዳ ሁሉ «ለካ የመኳንንት ዘር ናችሁ!» ይላል፤ ከዘመዶቻችንም ይህንኑ በኩራት የሚያጸድቅ አይጠፋም።

እርግጥ ነው፣ ካባ ተራ ልብስ አልነበረም። በቀድሞው ዘመን ካባና ለምድ ንጉሥ የሚሸልማቸው የማዕረግ ልብሶች ነበሩ። ፎቶግራፍም ቢሆን ለብዙ ጊዜ የቤተ መንግሥት ወግ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጁ ቶኒም በተራው አፄ ኃይለ ሥላሴን ያነሣ ነበር። ኋላ ግን በከተማው ፎቶ ቤቶች ሲበረክቱ፣ እነ አያቴ በተነሡበት ቤት ካባው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሣንቲም የከፈለውን ሁሉ ይጠብቅ ነበር።

የእነ አያቴ እናት ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። የበኩር ልጃቸው ክብር ዘበኛ ገባ። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘጋጅ እሱም ከዘማቾቹ አንዱ ሆነ። ኮሪያ በየት በኩል እንደሆነች እናቱ አያውቁም። የሚያውቁት ልጃቸው ሳይዳር መሄዱን ነው።

አያቴ እንደነገረችኝ፣ ወንድሟ ለፎቶው የደንብ ልብሱን ለብሶ ነበር የሄደው። እናቱ ግን «የመንግሥቱን ልብስ አውልቅና ሙሽራ ሆነህ ልይህ» አሉት። እንግዲያው ካባው የመኳንንት ሳይሆን የሙሽራ ነው፤ ሁለቱ ልጆችም ሚዜዎች ናቸው። በፎቶ ቤቱ የተገኘው ጫማ አንድ ጥንድ ብቻ ስለነበረ ትንንሾቹ ባዶ እግራቸውን ከአበባ ማስቀመጫው ኋላ ደብቀዋል።

ጦሩ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሣ። የአያቴ ወንድም በኮሪያ ከወደቁት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆነ። እናቱ ያዩለት ሰርግ ያ የፎቶ ቤት ሰርግ ብቻ ነው።

ፎቶው ስለ ዘራችን እውነቱን አይናገርም። ግን ቅጠል ሸጠው ባገኙት ሣንቲም ለልጃቸው ሰርግ የደገሱ እናት ዘር መሆን ምን ያንሳል? የመኳንንቱን ታሪክ የሚጽፍ ሞልቷል። የቅጠል ተሸካሚዋን ታሪክ በዓይኗ አይታ የምትናገር ግን አያቴ ብቻ ቀርታለች። እርስዎም አንባቢ፣ በቤትዎ ግድግዳ ላይ ያሉት ሰዎች ካባውን ለምን እንደለበሱ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ይጠይቁ፤ የነገረዎትንም ከፎቶው ጀርባ ይጻፉ።