የአንኮበር ጐተራዎች

ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ የተመሠረተችው አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የሸዋ መናገሻ ነበረች። ቤተ መንግሥቱና ወታደሩ አያርሱም፤ ስለዚህ እንደ ማዕድን ቈፋሪዎች ሠፈር ሁሉ ምግባቸው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነበር። እህሉ ከባላገሩ በግብር፣ ከሁዳድ መሬትም በመከር ይገባል። ጨው ከአሳል ሐይቅ በአፋር ግመሎች ይጫናል። ግመል ግን ዳገቱን ስለማይችል ሸክሙ ከተራራው ሥር ወርዶ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይወጣል። መንገዱ እንዲህ አስቸጋሪ በመሆኑ ያለ ጐተራ መኖር አይቻልም ነበር።

ዳሩ ግን ጐተራ ብቻውን ከረኃብ ያድናልን? በክፉ ቀን (እ.ኤ.አ. 1888–1892) የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጀ፤ የሚታረሰው መሬት ሲያንስ የሚከተተውም እህል አነሰ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በዶማ እየቈፈሩ ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። በ1892ም ወታደሩ በባላገር ቤት እየተመራ እንዳይበላ፣ በምትኩ ባላገሩ ከምርቱ አሥራት ወደ መንግሥት ጐተራ እንዲያገባ ተደነገገ።

ከዚህ እንደምንረዳው የጐተራ ኃይሉ በስፋቱ ሳይሆን በሚሞላው ገበሬ ነው። እንግዲህ ታሪኩን ስንመረምር እህሉን ከተረከበው ሹም ይልቅ ስለ ሰጠው ባላገር አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል እንላለን።