የቪዲዮ ጌም እና የአእምሮ ጤና

የቪዲዮ ጌም በስልክ፣ በኮምፒውተር ወይም በፕሌይስቴሽን የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። መጫወት በራሱ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛው ተጫዋች ጉዳት አይደርስበትም። ጥቂቶች ግን ጨዋታውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። አንዳንዶች ደግሞ የሚጫወቱት ጭንቀትን ወይም ሐዘንን ለመርሳት ነው።

ሕመም የሚባለው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም ሱስን አካትቷል። ሕመም ነው ለማለት የሚከተሉት ሦስቱ ምልክቶች መታየት አለባቸው፦

• መቼና ምን ያህል እንደሚጫወቱ መቆጣጠር አለመቻል
• ጌምን ከትምህርት፣ ከሥራ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ ማስቀደም
• ጉዳቱ እየታየም መጫወትን መቀጠል

ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት የቆዩ፣ ኑሮንም በግልጽ ያወኩ መሆን አለባቸው። የሰዓቱ ብዛት ብቻውን ሕመም መኖሩን አያሳይም።

ከጀርባው ሌላ ችግር ሊኖር ይችላል

በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በ2013 ዓ.ም. በበኩጂ ቀበሌ በተፈጸመው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎችም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ቢገኝ ምክንያቱ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ዓይኑን ሲጨፍን የሚመጣበትን ትዝታ ወይም ቅዠት እየሸሸ ሊሆን ይችላል።

በወጣቶች ላይ ድብርት ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጽም፤ በቁጣ፣ በዝምታና ከሰው በመራቅም ይታያል። ጌም ለጊዜው ያስረሳል እንጂ ሕመሙን አያድንም። እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ድብርቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ስልኩን መንጠቅ ብቻ መፍትሔ አይሆንም።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

• ከመቆጣትዎ በፊት ይጠይቁ፦ «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?»
• የመጫወቻ ሰዓቱን ከልጁ ጋር ተስማምተው ይወስኑ።
• ማታ ስልኩ ከመኝታው ርቆ እንዲያድር ያድርጉ።
• ጌሙን የሚተካ ነገር ያመቻቹ፦ ኳስ፣ ሥራ፣ ከጓደኛና ከዘመድ ጋር መገናኘት።
• በገንዘብ ተወራርዶ የሚጫወት ከሆነ ይህ ቁማር ነው፤ ለብቻው ትኩረት ይስጡት።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ሐዘን፣ ፍርሃት ወይም እንቅልፍ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ትምህርትና ሥራ ከተቋረጠ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። አስፈላጊ ከሆነ ባለሙያው እንደ ፓዌ ወዳለ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊልክዎት ይችላል።

ሞትን የሚመኝ ወይም ራሱን እንደሚጎዳ የሚናገር ሰው ካለ ብቻውን አይተዉት። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ገመድ፣ ስለትና የጦር መሣሪያ ከአካባቢው ያርቁ። በዚያው ዕለትም ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ስለ ጉዳዩ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል።

ሕክምናው

ለጌም ሱስ ተለይቶ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ዋናው ሕክምና ሐሳብንና ልማድን ለመለወጥ የሚረዳ የምክር አገልግሎት ነው። ድብርት፣ ጭንቀት ወይም ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ ሕመም ካለ አብሮ መታከም አለበት፤ እነዚህ ሲታከሙ ከጌሙ መላቀቅም ሊቀል ይችላል።