የበግ አክሲዮን

እኛ የከተማ ልጆች «ስታርታፕ» የሚለውን ቃል ከለመድን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም፤ ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? ባንክ ሄዶ «ሐሳብ አለኝ» ያለ ወጣት «ቤትስ አለህ?» ተብሎ እንደሚመለስ መቼም አታጡትም። ቤት ቢኖረውማ እዚያ ምን ወሰደው! (ቀልድ ነው... ግማሹ።)

እስቲ ወደ ጎጃም እንሂድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ፣ ስናን ወረዳ ውስጥ፣ ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ድንች፣ በግ። በአማራ ገጠር ጉልበት እንጂ ጥሪት የሌለው ሰው በግ የሚይዝበት የቆየ መንገድ አለ፤ ርቢ ይባላል። ባለሀብቱ እንስት በግ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ጎረቤት ይጠብቃል፣ ይቀልባል፣ ያረባል። የሚወለደውን ይካፈላሉ፤ እናቲቱ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀጥላለች። ውሉ እንደ ቦታውና እንደ ከብቱ ይለያያል፤ ላም ከሆነች ወተቱም ጉዳይ ነው። በተለመደው አሠራር ግን በጓ ያለ አርቢው ጥፋት በበሽታ ብትሞት አርቢው ዕዳ የለበትም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይሄ ብድር አይደለም፣ አክሲዮን ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እነ ጆርጅ ዶርዮ ያቋቋሙት የኢንቨስትመንት ኩባንያ፣ በ1957 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ለተባለ ጀማሪ የኮምፒውተር ድርጅት 70 ሺህ ዶላር ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ድርሻ ወሰደ፤ ድርጅቱ ቢሞት ገንዘቡም አብሮ ይሞት ነበር።

የእኛ ባንኮች ታሪክ ሌላ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፣ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ወረሰ፣ በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ተፈቀደ። መንግሥት ተለዋወጠ፣ «መያዣ» የሚለው ቃል ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ለገበሬው የቀረበው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (ዛሬ ፀደይ ባንክ) ቤት ከመጠየቅ ይልቅ ጎረቤታሞችን በቡድን አዋሰ፤ አንዱ ቢያቅተው ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ትልቅ ለውጥ ነበር። ግን በጓ ብትሞት ብድሩ አይሞትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ከብትም ጭምር፣ መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ከብቱ ሊኖርህ ነው! ዕቁብስ? ዕቁብም ቢሆን ዕጣው ወጣልህም አልወጣልህም መጣል አለብህ።

ርቢን ግን አናሞካሸው። ጅብ ሲመጣ ሌሊት የሚነሣው አርቢው ነው፣ ግልገል ሲካፈሉ ግን እኩል ናቸው። ድርድሩም ባለበግና በግ የለሽ የሚደራደሩት ስለሆነ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ዛሬ ጀማሪ ድርጅት ይዘው ባለገንዘብ ፊት የሚቀመጡ ጓደኞቻችንም ይህቺን ወንበር ያውቋታል።

ሁለት ሦስት ጊዜ ከወለደች በኋላ ግን አርቢው የራሱ በጎች አሉት። ያኔ እሱም በተራው ለሌላ ጎረቤት በርቢ ይሰጣል፤ ወይም ረቡዕ ጠዋት ነድቶ ገበያ ይወርዳል።