ደጅ ጥናትና መሥሪያ ቤት

ቤት ተቀምጦ መንግሥትን ማገልገል ሲባል አዲስ ነገር ይመስለናል። ለመሆኑ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከመሾማቸው በፊት የመንግሥት ሥራ የት ይሠራ ኖሯል? ባለጉዳይ ጎህ ሳይቀድ ከመኳንንቱ በር ይኮለኮላል፤ ሹሙ ብቅ ሲል እጅ ነሥቶ «አቤት!» ይላል። ደጅ ጥናት ይኸው ነው። ጉዳይ የሚያልቀው በደንብ ሳይሆን የጌታው ፊት ሲፈታ ነበር። ሥራ ከሰው ቤት ወጥቶ የራሱ ቤት፣ «መሥሪያ ቤት»፣ ይኑረው መባሉ እንግዲህ ቀላል ለውጥ አልነበረም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አብዛኛው የፌዴራል ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ተወሰነ። አንድ የማውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ደስ እንዳይለኝ ምን ይዤ ልሥራ? መዝገቡ እዚያ፣ ማኅተሙ እዚያ!» ብሎኛል። እውነቱን ነው። አለቆች ደግሞ የሚያምኑት የሰዓት ፊርማን ነው፤ የፈረመ ሁሉ የሠራ ይመስል! ወጣቶቹ ግን ከታክሲ ሰልፍ መገላገሉን ወደውት ነበር።

ባለጉዳዩን የጠየቀው የለም። በዚያ ሰሞን ለአንዲት ፊርማ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ዘበኛው «ኃላፊው ከቤታቸው ነው የሚሠሩት» ሲለኝ፣ ቤታቸው የት ሰፈር እንደሆነ ልጠይቀው ትንሽ ነበር የቀረኝ።